አሥራትና በኵራት፤ የቅዱስ ባስልዮስ ወንድሞችና እኅቶች ያደጉበት ቤት

ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባላል። ይህ ቃል ብዙ ልጆች ለወለደ ሰው የተነገረ ማጽናኛ ነው፤ የጓዳው እንጀራ ማነሱን፥ የልብሱ ማለቁን፥ የመኝታው መጣበቡን አይቶ ልቡ የደከመ አባት ከጎረቤቱ የሚሰማው ይህንኑ ነው። በቃሉም ውስጥ ሃይማኖት አለበት፤ ሕፃኑን የፈጠረ እግዚአብሔር ሳይመግበው አይቀርም ማለት ነውና። ነገር ግን እግዚአብሔር የሰጠው ዕድል ወደ ሕፃኑ የሚደርሰው በሰው እጅ ነው። ያም እጅ የአባትና የእናት እጅ ብቻ አይደለም፤ በትልቅ ቤተ ሰብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የታላቅ እኅት ወይም የታላቅ ወንድም እጅ ነው። የእንዲህ ያለ ቤት ደስታውም ጭንቀቱም ከዚህ ይመነጫል፤ ለአንዱ ልጅ ዕድል የሆነው ነገር ለሌላው ልጅ ሸክም ሊሆን ይችላልና።

ይህ ነገር በግልጥ የሚታይበት አንድ ቤት በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ4ኛው መቶ ዓመት በጳንጦስና በቀጰዶቅያ፥ ዛሬ ቱርክ በምትባለው ምድር፥ ይኖር የነበረ የክርስቲያን ቤት ነው። የኢትዮጵያ ካህናት ከዚህ ቤት የወጡትን ሁለት ወንድማማች ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ በስማቸው የሚጠሩትን ቅዳሴ ባስልዮስንና ቅዳሴ ጎርጎርዮስን ይቀድሳሉ፤ ምስክርነታቸውንም በሃይማኖተ አበው ያነባሉ። እነዚህ ሁለት ሊቃውንት ግን በልጅነታቸው ከብዙ ወንድሞችና እኅቶች ጋር ከአንድ ማዕድ የበሉ መሆናቸው፥ ከሁሉም በላይ ማክሪና የምትባል ታላቅ እኅት የነበረቻቸው መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። የቤቱን ታሪክ ያቈዩት ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ እኅቱ ሕይወት የጻፈው መጽሐፍ፥ የባስልዮስ መልእክታትና የባስልዮስ ወዳጅ የነበረው ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙ ከባስልዮስ ሞት በኋላ የተናገረው የምስጋና ቃል ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዚህ ቤት መሠረት የተጣለው በስደት ዘመን ነው። ከ303 ዓ.ም. ጀምሮ የሮም ነገሥታት በክርስቲያኖች ላይ ያስነሡት መከራ ወደ ጳንጦስ በደረሰ ጊዜ የእነባስልዮስ ወንድ አያትና ሴት አያታቸው ማክሪና ቤታቸውን ትተው ወደ ዱር ሸሹ። በዚያም 7 ዓመት ያህል ብርድና ዝናም እየተፈራረቀባቸው፥ ከአራዊት ሥጋ እየተመገቡ ኖሩ፤ በክርስቶስ ስላመኑም ንብረታቸው ተወረሰ። በእናት በኩል የነበረው አያት ደግሞ በንጉሥ ቍጣ ተገድሎ ሀብቱ ለባዕዳን ተሰጠ። ስለዚህ የቤቱ ልጆች ክርስትናን የተረከቡት አያቶቻቸው ዋጋ ከከፈሉበት በኋላ ነው። ሴት አያታቸው ማክሪና የኒዮቄሣርያ ኤጲስ ቆጶስ የነበረውን የጎርጎርዮስ ገባሬ ተአምራትን ትምህርት በቃሏ ይዛ ለልጅ ልጆቿ ታስተምር ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ጠላቶቹ ሃይማኖቱን በነቀፉበት ጊዜ ባስልዮስ ለመከላከያ ያቀረበው የአቴና መምህራኑን አልነበረም፤ በሕፃንነቱ ከእናቱና ከአያቱ የተቀበለውን እምነት እንዳልለወጠ ተናገረ እንጂ።

አባታቸውም ባስልዮስ ይባል ነበር፤ በኒዮቄሣርያ የንግግር ጥበብ መምህር ነበረ። እናታቸው ኤሚልያ ወላጆቿን ያጣች መልከ መልካም ልጅ ነበረች። ፈቃዷ በድንግልና መኖር ነበር፤ ነገር ግን በውበቷ ተማርከው ሊጠልፏት የሚያስቡ ሰዎች ስለ በዙ፥ የሚጠብቃት ደግ ሰው መርጣ አገባች። በ327 ዓ.ም. ገደማም የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ምጥ ይዟት ሳለ እንቅልፍ ወሰዳትና ግርማው ከሰው ግርማ የሚበልጥ አንድ ሰው ሕፃኒቱን ሦስት ጊዜ ቴክላ ብሎ ሲጠራት በሕልሟ አየች። ልጂቱ በሰው ፊት የተጠራችው በአያቷ ስም ማክሪና ተብላ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን የሐዋርያው የጳውሎስ ደቀ መዝሙር የነበረችው የቴክላ ስም ሥውር ስሟ ሆነ።

ከማክሪና በኋላ ልጆች ተከታተሉ። ጎርጎርዮስ 4 ወንዶችና 5 ሴቶች እንደ ነበሩ ይናገራል፤ እናታቸው በመጨረሻ ሰዓቷ ከተናገረችው ቃል የተነሣ ግን የተወለዱት 10 እንደ ሆኑ፥ አንዱም በሕፃንነቱ ሳይሞት እንዳልቀረ ሊቃውንት ይገምታሉ። የወንዶቹ ስም በቅደም ተከተል ባስልዮስ፥ ናውክራጥዮስ፥ ጎርጎርዮስና ጴጥሮስ ነው።

በዚያ ዘመን የባለጸጎች ልጆች ትምህርታቸውን የሚጀምሩት የግሪክ ባለ ቅኔዎች በጻፉት የአማልክት ተረት ነበር። ኤሚልያ ግን ይህ ለለጋ ልብ የሚስማማ አይደለም ብላ ለበኵር ልጇ መጽሐፈ ጥበብ ዘሰሎሞንንና መዝሙረ ዳዊትን አስተማረቻት። ልጂቱ ከመኝታዋ ስትነሣ፥ ሥራ ስትጀምርና ስትፈጽም፥ ወደ ማዕድ ስትቀርብና ከማዕድ ስትነሣ፥ በሌሊትም ለጸሎት ስትቆም ለየሰዓቱ የተወሰነውን መዝሙር ትደግም ነበር። ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ደግሞ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ የሩቅ አገር ነገር አይመስለውም። ዳዊት በሚደገምበት ትልቅ ቤት ታናናሾቹ ትምህርት የሚጀምሩት በመምህር ፊት ከመቀመጣቸው አስቀድሞ ነው፤ ታላቂቱ ስትደግም እየሰሙ በጨዋታቸው መካከል ቃሉን ይይዙታል። ከብዙ ልጆች ጋር የማደግ አንዱ ደስታ ይህ ነው፤ ትምህርቱ እንደ ማዕዱ የጋራ ነው።

ማክሪና 12 ዓመት በሆናት ጊዜ ብዙ ሰዎች ለጋብቻ ጠየቋት፤ አባቷም ትምህርቱን የፈጸመ፥ ጠባዩ የተመሰገነ አንድ ወጣት መርጦ አጫት። ነገር ግን ወጣቱ ከሠርጉ አስቀድሞ ሞተ። ወላጆቿ ሌላ ባል ሊፈልጉላት በተነሡ ጊዜ ልጂቱ እምቢ አለች፤ አባቷ አንድ ጊዜ የቈረጠው ቃል ለእርሷ እንደ ጋብቻ መሆኑን፥ እጮኛዋም ስለ ትንሣኤ ተስፋ በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያው እንጂ ሙት አለመሆኑን፥ ሩቅ አገር ለሄደ ሙሽራም ታማኝ መሆን እንደሚገባ ነገረቻቸው። ከዚያም በኋላ ከእናቷ ላለመለየት ቈረጠች። ኤሚልያም ሌሎቹን ልጆቿን በማሕፀኗ የተሸከመቻቸው ለተወሰነ ጊዜ እንደ ሆነ፥ ማክሪናን ግን ዘወትር እንደ ተሸከመቻት ትናገር ነበር። የእናት ፍቅር ያናገራት እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሸካሚዪቱ ልጂቱ ሆነች።

በ340ዎቹ ዓመታት አባታቸው ሞተ። የመጨረሻው ልጅ ጴጥሮስ በተወለደበት ወራት ነበርና ያ ሕፃን አባት ብሎ ሳይጠራ የሙት ልጅ ሆነ። ኤሚልያ ገና ያልተዳሩ ሴቶች ልጆችና ገና ያልተማሩ ወንዶች ልጆች ይዛ ቀረች። ርስታቸውም በ3 አውራጃዎች ተበታትኖ የሚገኝ ስለ ነበረ ለ3 አገረ ገዢዎች ግብር መክፈል ነበረባት። ሀብት ያለው ቤት ጭንቀት የለበትም ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። ማክሪና በእናቷ ጎን ቆማ ይህን ሁሉ አስተዳደር ተካፈለች። ባሪያና ገረድ በሞላበት ቤት እጇን ወደ ሊጥ አግብታ ለእናቷ እንጀራ ትጋግር ነበር፤ ይህም የባለጸጋ ልጅ የምትሠራው ሥራ አልነበረም። ጴጥሮስንም ገና ጡት ሳይተው ጀምራ አሳደገችው። ጎርጎርዮስ ስለዚህ ነገር ሲጽፍ ለሕፃኑ አባትም፥ መምህርም፥ ሞግዚትም፥ እናትም፥ መካሪም ሆነችለት ይላል። በኢትዮጵያ መንደሮች ታናሽ ወንድሟን አዝላ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ያየ ሰው ይህን ነገር ያለ ብዙ ማስረጃ ይረዳዋል። ጴጥሮስ በውጭ አገር ትምህርት ቤት ሳይገባ፥ እጁ የነካው የእጅ ሥራ ሁሉ የሚሳካለት፥ በመንፈሳዊ ትምህርትም የበሰለ ሰው ሆነ።

ወንዶቹ ልጆች ሁሉ ግን እኩል ዕድል አልገጠማቸውም። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ባስልዮስ ወደ ቂሣርያ፥ ወደ ቁስጥንጥንያ፥ በመጨረሻም ወደ አቴና ተልኮ ዘመኑ ያፈራውን ጥበብ ሁሉ ተማረ። በ355 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገሩ ሲመለስ በአንደበቱ እጅግ የሚኰራ፥ የአገሩን ሹማምንት የሚንቅ ሰው ሆኖ ነበር። ጎርጎርዮስ ይህን የታላቅ ወንድሙን ጕድለት ሳይሸሽግ ጽፎታል። ያን ጊዜ የተማረውን ሰው ያረመችው አቴናን ያላየች እኅቱ ናት። ማክሪና ስለ ምናኔ እየነገረችው ልቡን ወደ ትሕትና መለሰችው፤ ያ የተመካበትን ዝና ትቶ በእጁ እየሠራ በድኽነት ለመኖር ወሰነ። በትልቅ ቤት ያደገ ሰው ውጭ የሚያከብረው ቢበዛም በቤቱ ውስጥ ልጅነቱን የሚያውቁ ዓይኖች አሉበት፤ ይህ ለኵሩ ሰው መራራ፥ ለነፍሱ ግን መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው ወንድ ልጅ ናውክራጥዮስ በመልክና በጕልበት ከሁሉ ይበልጥ ነበር። በ22 ዓመቱ በሕዝብ ፊት ቆሞ በአንደበተ ርቱዕነቱ ተመሰገነ፤ ወዲያውም ያን ክብር ትቶ ክሪሳፍዮስ ከሚባል አገልጋይ ጋር በኢሪስ ወንዝ ዳር ወደሚገኝ ዱር ወጣ። በዚያም በድኽነትና በሕመም የተያዙ ሽማግሌዎችን እያደነ ይመግባቸው ነበር። በአምስተኛው ዓመት እንደ ልማዱ ምግብ ፍለጋ በወጣበት ቀን በድንገተኛ አደጋ ሞተ፤ ክሪሳፍዮስም አብሮት ሞተ። እናቱ የ3 ቀን መንገድ ያህል ርቃ ሳለች መርዶው ደረሳት። ጽኑ የነበረችው ሴት እስትንፋሷና ቃሏ ተቋርጦ ወደቀች። ልጆችን ማብዛት ደስታን እንደሚያበዛ ሁሉ ኀዘን የሚገባበትንም በር ያበዛል። ማክሪናም ወንድሟን የምትወድ እኅት ነበረች፤ ነገር ግን የራሷን ልቅሶ አምቃ እናቷን ደግፋ አነሣች፥ በትዕግሥቷም አጸናቻት።

ሦስተኛው ወንድ ልጅ ጎርጎርዮስ በሁለት ታላላቆች ጥላ ሥር ያደገ መካከለኛ ልጅ ነበር። ባስልዮስ አቴና ሲማር፥ የጎርጎርዮስ መምህር ባስልዮስ ሆነ። ስለ ራሱ የተናገረው አንድ ታሪክ የብዙ ወጣቶችን ጠባይ ያሳያል። እናቱ የአርባውን የሰብስጥያ ሰማዕታት ዐፅም በቤታቸው አቅራቢያ በሠራችው ቤተ ክርስቲያን ልታኖር በዓል ባደረገች ጊዜ ልጇን ከሩቅ አስጠራችው። ጎርጎርዮስ በጕዳዩ የተያዘ ወጣት ነበርና በዓሉ ለሌላ ጊዜ አለመተላለፉ አስከፋው፤ እያጕረመረመ መጣ። ሌሊቱን ሕዝቡ በዝማሬ ሲተጋ እርሱ በአትክልቱ ቦታ ተኛ። በሕልሙም ወደ በዓሉ ሊገባ ሲል ወታደሮች በትር ይዘው ሲከለክሉት፥ ሊመቱትም ሲነሡ አየ። በነቃ ጊዜ ስለ ስንፍናው እያለቀሰ ወደ ሰማዕታቱ ዐፅም ሄደ። እንዲህም ሆኖ ወዲያው አልጸናም፤ አናጕንስጢስ ሆኖ ካገለገለ በኋላ የንግግር ጥበብ መምህርነትን መረጠ፥ የወንድሙ ወዳጅ ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙም ስለዚህ በደብዳቤ ገሠጸው። በእምነት ቤት መወለድ እምነትን ያቀርባል እንጂ ልጁን ከራሱ ምርጫ እንደማያድነው ከዚህ ይታያል።

በቤተ ሰቡ መካከል ጠብም አልጠፋም። ባስልዮስ በ370 ዓ.ም. የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ፥ እርሱም ኤጲስ ቆጶስ ከነበረው ከአጎታቸው ጋር ተቀያየመ። ጎርጎርዮስ ሁለቱን ለማስታረቅ ስለ ጓጓ ከአጎቱ የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ራሱ ጽፎ ለባስልዮስ ሰጠው። ባስልዮስ ደብዳቤውን ለወዳጆቹ እያሳየ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ አጎቱ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍሁም ባለ ጊዜ በሰው ፊት አፈረ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፥ ያም ሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ ሦስተኛው ሲመጣ ባስልዮስ ወንድሙን በየዋህነቱና በማታለሉ አጥብቆ ወቀሰው። ጎርጎርዮስ ያደረገው ነገር የሚመሰገን አይደለም። ነገር ግን በብዙ ልጆች መካከል ያደገ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ መካከለኛ ልጅ ታላላቆቹ ሲጣሉ ሰላም የሚያጣው እርሱ ነውና ዕርቁን በማናቸውም መንገድ ይሻል። በመጨረሻ ባስልዮስ ራሱ ቀድሞ ለአጎቱ የሰላም ደብዳቤ ጻፈ። በ372 ዓ.ም.ም ያንኑ የዋህ ወንድሙን የኑሲስ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው።

በዚህ መካከል በኢሪስ ወንዝ አጠገብ፥ አኒሳ በምትባል ስፍራ፥ የቤቱ ኑሮ ተለውጦ ነበር። ማክሪና እናቷን መክራ የጌትነትን ልማድ አስተወቻት፤ ገረዶችና ባሪያዎች የነበሩት ሁሉ እኅቶች ተባሉ፥ ከእመቤቲቱ ጋር በአንድ ማዕድ፥ በአንድ ዓይነት መኝታ፥ በአንድ ሥርዓት መኖር ጀመሩ። ርስታቸው ለዘጠኝ በተከፈለ ጊዜም ማክሪና ከወንድሞቿ ጋር እኩል የደረሳትን ድርሻ ለራሷ አላስቀረችም፤ ለበጎ ሥራ እንዲውል በካህን እጅ አኖረችው። ብዙ ቤት በውርስ ክፍፍል እንደሚፈርስ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር እንደ ቀላል አያየውም። በአንድ ጽኑ የረኃብ ዘመን ደግሞ ጴጥሮስ ባዘጋጀው ምግብ ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ስለ ጐረፈ ምድረ በዳው ከተማ መሰለ። በ368 ዓ.ም. በጀመረው ታላቅ ረኃብም ባስልዮስ በቂሣርያ የባለጸጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቶ የተራቡትን መገበ። በተለያየ ስፍራ የተደረገው ምጽዋት የአንድ ማዕድ ትምህርት ፍሬ ነበር።

በ371 ዓ.ም. ገደማ ኤሚልያ የምትሞትበት ቀን ደረሰ። ከልጆቿ መካከል በአጠገቧ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ በአንድ ወገን የመጀመሪያ ልጇ ማክሪና፥ በሌላው ወገን የመጨረሻ ልጇ ጴጥሮስ። በሩቅ ላሉት ልጆቿ ሁሉ የምርቃት ቃል ከተናገረች በኋላ ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እግዚአብሔር ጸለየች። ሕጉ በኵራትንና አሥራትን እንዲቀርብለት ያዝዛልና ከማሕፀኗ ፍሬ በኵራቷ ይህች፥ አሥራቷም ይህ እንደ ሆኑ ተናግራ ሁለቱን ሰጠችው፤ እንዲቀድሳቸውም ለመነች። ባለ ርስት ከአዝመራው የሚሰጠውን ይህች እናት ከልጆቿ ሰጠች። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ አሥራቱን ለመሥዋዕት የበቃ አድርጋ ያሳደገችው በኵራቲቱ ናት። እናቲቱ በዚያ ሰዓት ያቀረበችው የራሷን የወሊድ ምጥ ብቻ ሳይሆን የልጇንም የማሳደግ ድካም ነበር።

ባስልዮስ ከዚያ በኋላ በቂሣርያ አጠገብ ድውያንና እንግዶች የሚረዱበትን ታላቅ ቤት ሠራ፤ የአርዮሳውያን ረዳት በነበረው በንጉሥ ቫሌንስ ፊት ሃይማኖቱን ጠበቀ፤ በ379 ዓ.ም. መባቻም ዐረፈ። እስከ ዛሬ ከተገኙት መልእክታቱ በብዙዎቹ ውስጥ የወዳጆቹ፥ የጠላቶቹ፥ የሹማምንቱ ስም ይገኛል፤ የአያቱ የማክሪና ስምም በምስጋና ተጠርቷል። ከኵራት የመለሰችው የእኅቱ የማክሪና ስም ግን በጽሑፎቹ ውስጥ አይገኝም። ይህ ባስልዮስን ለመንቀፍ የሚነገር አይደለም። ዘወትር በቤት ያለ ሰው እንደ ምሰሶ ነው፤ ቤቱን ይሸከማል፥ ቤተኞቹ ግን ቆሞ መኖሩን አያስተውሉትም። ከብዙ ልጆች መካከል የበረቱትንና ወደ ውጭ የወጡትን አገር ያውቃቸዋል፤ እነርሱ እንዲወጡ ቤት የጠበቀውን የሚያውቀው እምብዛም ነው።

ባስልዮስ ከሞተ ከ9 ወር ያህል በኋላ ጎርጎርዮስ ከአንጾኪያ ጉባኤ ሲመለስ እኅቱን ሊጠይቅ ወደ አኒሳ ሄደ። የቫሌንስ ሹማምንት አሳደውት ስለ ነበረ ለ8 ዓመት ያህል አልተያዩም ነበር። በደረሰ ጊዜ ማክሪና በትኵሳት ተይዛ በመሬት ላይ፥ ማቅ በለበሰ ሳንቃ ተኝታ አገኛት። ስለ ወንድማቸው ሞት ሲነሣ ጎርጎርዮስ አለቀሰ፤ እርሷ ግን ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ እያስረዳች አጽናናችው። ከዚያም ጎርጎርዮስ የራሱን መከራ፥ ስደቱንና በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለውን ሁከት እየዘረዘረ ማማረር ጀመረ። ማክሪና በፍቅር ገሠጸችው። አባታቸው በትምህርቱ የተመሰገነ ቢሆንም ዝናው ከአገሩ እንዳልወጣ፥ እርሱ ግን በከተሞችና በአሕዛብ ዘንድ የታወቀ፥ አብያተ ክርስቲያናትም ለርዳታ የሚጠሩት ሰው መሆኑን አስታወሰችው፤ ይህም በራሱ ብርታት ሳይሆን በወላጆቻቸው ጸሎት የተገኘ ስለ ሆነ ምስጋናን መርሳት እንደማይገባው ነገረችው። ልጅ ሳለ ያጕረመርም የነበረው ወንድሟ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖም ቢያጕረመርም፥ እኅትነቷን አልተወችም።

በማግሥቱ፥ መብራት በሚበራበት ሰዓት፥ ጸሎቷን በከንፈሯ እየጨረሰች ዐረፈች። ቀድሞ በለመነችው መሠረት ዓይኗን የከደነው ጎርጎርዮስ ነው። ለመግነዝ የሚሆን ልብስ በፈለገ ጊዜ ከለበሰችው አሮጌ ልብስ በቀር ምንም እንደሌላት ነገሩት። በአንገቷ የብረት መስቀልና ቀለበት ተገኘ፤ በቀለበቱ ውስጥ የቅዱስ ዕፀ መስቀል ቍራጭ ነበረበት። ጎርጎርዮስ መስቀሉን ለአንዲት ሴት ሰጥቶ ቀለበቱን ለራሱ አስቀረ፤ በ3 አውራጃዎች ርስት ከነበረው ቤት ለኤጲስ ቆጶሱ የደረሰው የእኅቱ ውርስ ይህ ነበር። ራሱ ያዘጋጀው ልብስ አልብሰዋት በላዩ የእናቷን ጥቁር መጐናጸፊያ ደረቡባት። የሚሸኛት ሕዝብ መንገዱን ስለ ሞላው ያን አጭር መንገድ ለመፈጸም ቀኑን ሙሉ ያህል ፈጀ። ወላጆቻቸው የተቀበሩበት መቃብር ሲከፈት ጎርጎርዮስ ፈራ፤ የአባትና የእናትን ዕርቃን ማየት የኖኅ ልጅ ካም የሠራው በደል መሆኑን አሰበ። ስለዚህ አስቀድሞ በንጹሕ የበፍታ ልብስ ዐፅማቸውን አስሸፈነ፤ ማክሪናንም በእናቷ አጠገብ አኖራት።

ከዚያ ወዲያ ጎርጎርዮስ የጻፋቸው ብዙ መጻሕፍት የቤተ ሰብ ዕዳ መክፈያ ይመስላሉ። የማክሪናን ሕይወት ጻፈ፤ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ በጻፈው መጽሐፍም እኅቱን መምህር፥ ራሱን ተማሪ አድርጎ አቀረበ። ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ዕለታት ሥነ ፍጥረት ሰብኮ ስለ ሰው አፈጣጠር ሳይደርስ ያቆመውን ጎርጎርዮስ ፈጸመው፤ መጽሐፉንም በገንዘብ ፈንታ የትንሣኤ በዓል ስጦታ አድርጎ ለታናሽ ወንድሙ ለጴጥሮስ ላከለት፤ ጴጥሮስም የሰብስጥያ ኤጲስ ቆጶስ ሆኗል። አውኖምዮስ የሚባለው መናፍቅ ሟቹን ባስልዮስን በነቀፈ ጊዜ መልስ የጻፈ ጎርጎርዮስ፥ መልሱን ሳይፈራ እንዲያወጣው በደብዳቤ ያበረታታው ጴጥሮስ ነበር። በ381 ዓ.ም. 150 ሊቃውንት በቁስጥንጥንያ በተሰበሰቡ ጊዜም ጎርጎርዮስ ከታላላቆቹ መምህራን አንዱ ሆኖ ተገኘ። በደብዳቤ ማታለል የጀመረው መካከለኛ ልጅ በመጨረሻ የሁሉንም ቃል የጠበቀ ሆነ።

የቤቱ ታሪክ ግን አንድ ክፍት ስፍራ አለው። ከ5ቱ ሴቶች ልጆች ጎርጎርዮስ በስሟ የጻፈልን ማክሪናን ብቻ ነው፤ አራቱ ያለ ስም አለፉ። እነርሱም ያንኑ ዳዊት ሰምተው ያደጉ፥ በዚያው ማዕድ የተቀመጡ፥ በናውክራጥዮስ ሞት ያለቀሱ ልጆች ነበሩ። ከአንድ ማዕድ የተነሡ ልጆች ሁሉ በመጽሐፍ እንደማይጻፉ፥ ሁሉ ግን በእግዚአብሔር ዘንድ የተቈጠሩ እንደ ሆኑ ይህ ያሳስባል።

እንግዲህ ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚለው ቃል እውነት ሆኖ የሚጸናው ዕድሉን የሚያቀብል ሰው ሲኖር ነው። ብዙ ልጆች የሰጠው አባትና እናት በታላቂቱ ጫንቃ ላይ የሚወድቀውን ሸክም ሊያዩትና ሊያቀልሉት ይገባል፤ ኤሚልያ ብትመሰገን የልጇን ድካም በምርቃቷ ስለ ቈጠረችው ነው። በሌላው ድካም ተምሮ ለማዕርግ የበቃ ልጅም ወደ ቤቱ ተመልሶ ዕዳውን ማወቅ አለበት። ጎርጎርዮስ የተመለሰው ከ8 ዓመት በኋላ፥ በመጨረሻዋ ሌሊት ዋዜማ ነበር፤ ቢዘገይም ደረሰ። ታላቅ እኅቱ በሕይወት ያለችለት ሰው እስከዚያ ድረስ ሊቈይ አይገባውም።